ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ሰርቨሩ ግን ሩትን አያስገባም

የሩትን፣ ማለትም የሰርቨሩን ዋና አስተዳዳሪ አካውንት፣ ፓስወርድ ትጽፋለህ። ይቀበልሃል፤ ወዲያው ግን ያስወጣሃል። ከሌላ አካውንት ወደ ሩት በሚያሸጋግረው «ሱ» ትእዛዝ ስትሞክር ደግሞ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይልሃል። ፓስወርድ አትቀይር። ሲስተሙንም እንደገና አትጫን። የጠፋው የሩት ሼል ነው፤ ሼል ማለት ስትገባ ትእዛዝህን የሚቀበል ፕሮግራም ነው።

ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ ባሉ፣ ፍሪቢኤስዲ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚሠሩ ሰርቨሮች ላይ ይህን ደጋግሜ ፈትቻለሁ። መነሻው ሁሌም ተቀራራቢ ነው። ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሲስተም የለመደ ሰው ይመጣና የሩትን ሼል ባሽ በሚባለው ሼል ይቀይረዋል፤ አድራሻውንም /ቢን/ባሽ ያደርገዋል። በፍሪቢኤስዲ ግን እዚያ ቦታ ባሽ የለም። በፓኬጅ ይጫናል፣ /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን ውስጥ ይቀመጣል።

አድራሻውን በትክክል የጻፈም ሁልጊዜ አይድንም። ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ቀን ተጠርቼ በጠዋት አውቶቡስ ከባሕር ዳር ወረድኩ። ባሹ ቦታው ላይ አለ። ሲስተሙን አሳድገው ፓኬጆቹን ግን እንዳሉ ትተዋቸዋል፤ ባሽ የሚፈልገውን ላይብረሪ አጥቶ አይነሳም። በሩት ሥልጣን ትእዛዝ የሚያስኬደው ሱዶም አልተጫነም። ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ግዴለሽነት ያናድደኛል!

ሱዶ ካለህ ቀላል ነው፤ ሼል በሚቀይረው በሲኤችኤስኤች ትእዛዝ ሩትን ከሲስተሙ ጋር ወደሚመጣው ሼል ወደ ኤስኤች መልሰው፦ ሱዶ ሲኤችኤስኤች -ኤስ /ቢን/ኤስኤች ሩት። ሱዶ ትእዛዙን በቀጥታ ስለሚያስኬድ የሩትን ሼል አይፈልግም። እንደ ሩት የሚያስገባው «ሱዶ -አይ» ግን ያንኑ የተበላሸ ሼል ስለሚጠራ አይሠራም።

ከሌለህ ማሽኑ ዘንድ ሂድ። ሪስታርት አድርግና ሜኑው ሲመጣ 2ን ተጫን። የሼል አድራሻ ሲጠይቅህ ኢንተር ብቻ በል፤ /ቢን/ኤስኤች ይከፈታል። የዲስኩ ፋይል ሲስተም ዩኤፍኤስ ከሆነ መጀመሪያ ዲስኩን የሚፈትሸውንና የሚጠግነውን ኤፍኤስሲኬ አስኪድ። መብራት እየሄደ በሚመጣበት አገር ይህን አትዝለል። ቀጥሎ ዲስኩ ላይ መጻፍ እንዲቻል ማውንት -ዩ /፣ ከዚያ ሌሎቹ የዲስክ ክፍሎች እንዲከፈቱ ማውንት -ኤ፣ በመጨረሻ ሲኤችኤስኤች -ኤስ /ቢን/ኤስኤች ሩት።

አንዳንዴ ደግሞ የአካውንቶች ዝርዝር ያለበትን /ኢቲሲ/ፓስወርድ የሚባለውን ፋይል በተራ ኤዲተር ነክተውት ለውጡ አይዝም፤ ለዚሁ በተሠራው ቪፒደብሊው በሚባለው ትእዛዝ ብቻ አስተካክል።

የሩትን ሼል ከሲስተሙ ጋር በመጣው ተወው። ከፍሪቢኤስዲ 14.0 ጀምሮ ኤስኤች ነው፣ ከዚያ በፊት ሲኤስኤች የሚባል ሌላ ሼል ነበር። ባሽ ከፈለግህ ከገባህ በኋላ «ባሽ» ብለህ ጥራው። ወይም የሩት ፊደላት ተገልብጠው የተሰየመውን «ቱር» የሚባለውን አካውንት ተጠቀም፤ ሥልጣኑ የሩት ነው፣ የተቀመጠውም ለዚሁ ነው። ፓስወርድ ስለሌለው ዝግ ነው፤ ፓስወርድ ስጠውና ባሹን እሱ ላይ አድርግ።

ሼል በቀየርክ ቁጥር የገባህበትን መስኮት ሳትዘጋ በሌላ መስኮት ገብተህ ሞክር።