ከባድ ማሽን በሎቤድ ሲጓጓዝ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ኤክስካቫተር የጫነ ሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ያለ የከባድ ማሽን ተሳቢ) መንገድ ላይ አደጋ ሲያደርስ መጀመሪያ የሚወቀሰው ሹፌሩ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ማሽኑ እንዴት እንደተጫነና እንዴት እንደታሰረ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች የሚበዙት መኪናው ከመነሳቱ በፊት የተፈጠሩ ናቸው፤ መንገዱ ያወጣቸዋል እንጂ አይፈጥራቸውም።

ጠብቀው የነበሩ የማሰሪያ ሰንሰለቶች ከጥቂት ጉዞ በኋላ ላልተዋል

የሰንሰለት መላላት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል፤ ወይ ማሽኑ ቦታውን ይዞ ተደላድሏል፣ ወይ ተንሸራቷል። የመጀመሪያው የሚጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ይገድላል። ሁለቱን ለመለየት አንድ ቁራጭ ጠመኔ ይበቃል። ጭነቱ እንዳለቀ ከማሽኑ እግር ጠርዝ ጀምሮ ወለሉ ድረስ የሚወርድ መስመር በአራቱም ማዕዘን ያስምሩ። ሰንሰለት ላልቶ ሲያገኙ ከማጥበቅዎ በፊት መስመሩን ይመልከቱ።

መስመሩ ካልተሰበረ ማሽኑ ተደላድሏል ማለት ነው። በብረት እግሩ ሥር የነበረው ጭቃ ተጨፍልቆ ወጥቷል፣ ከሥር የገባው እንጨት ተጭኗል፣ ወይም ተጠማዞ የታሰረ ሰንሰለት ራሱን ፈትቷል። ባለ ጎማ ማሽን ከሆነ ደግሞ ጎማው በነጠረ ቁጥር ሰንሰለቱ ይላላል። ሌላው የተለመደ መንስኤ በአየር ላይ የተተወ ባልዲ ወይም የዶዘር ምላጭ ነው፤ የሃይድሮሊክ ግፊቱ ቀስ በቀስ ሲቀንስ ይወርድና ማሰሪያውን ያላላል። መፍትሄው እግሩን ከመጫኑ በፊት መፋቅ፣ ባልዲውን ወለል ላይ አሳርፎ ለብቻው ማሰር፣ ከዚያም እንደገና ማጥበቅ ነው። ጭነቱ ከ80 ኪሎ ሜትር በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በየ3 ሰዓቱ ወይም በየ240 ኪሎ ሜትሩ፣ ከሁለቱ በቀደመው ይፈተሽ። እኔ የመጀመሪያውን ፍተሻ 10 ኪሎ ሜትር ላይ አደርገዋለሁ፤ አብዛኛው መላላት የሚታየው እዚያው ነውና።

መስመሩ ከተሰበረ ግን አጥብቆ መቀጠል አይቻልም። የማሰሪያው አቅም አንሷል ወይም ወለሉ ያንሸራትታል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይገኛሉ። ሂሳቡ እንዲህ ነው። ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ጭነቱ ክብደቱን በ0.8 ያህል ባበዛ ኃይል ወደ ፊት ይገፋል፤ ኢኤን 12195-1 የተባለው የአውሮፓ መስፈርትም የሚጠቀመው በዚሁ ቁጥር ነው። ለ20 ቶን ማሽን ይህ 16 ቶን ነው። ብረት በብረት ላይ ሲቀመጥ ሰበቃው 0.2 ገደማ ስለሆነ ወለሉ ራሱ የሚይዘው 4 ቶን ብቻ ነው፤ የቀረው 12 ቶን በሰንሰለቱ ላይ ይወድቃል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ግሬድ 8 (የጥንካሬ ደረጃ ነው) ሰንሰለት በቀጥታ ሲሳብ የሚይዘው 6.3 ቶን ነው። ማሽኑን ከአራት ማዕዘን ብናስር ወደ ፊት እንዳይሄድ የሚይዙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እነሱም ከወለሉ 45 ዲግሪ ተነስተው ከሆነ አግድም አቅማቸው በድምሩ ወደ 9 ቶን ይወርዳል። ለ12 ቶን 9 ቶን አይበቃም።

መፍትሄው ርካሽ ነው። ከማሽኑ እግር ሥር ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ ሲነጠፍ ሰበቃው ወደ 0.6 ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ወለሉ 12 ቶን ይይዝና ለሰንሰለቱ የሚተርፈው 4 ቶን ይሆናል። ላስቲክ ይህን ያህል ሥራ እየሠራ ብዙ ሰው ለምን ሰንሰለት ብቻ እየደራረበ እንደሚጨምር አይገባኝም። ሰንሰለቱንም ረዘም አድርጎ ወደ ወለሉ ዝቅ ብሎ እንዲሄድ ማሰር ይጠቅማል፤ 60 ዲግሪ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰንሰለት ወደ ፊት ለሚገፋው ኃይል የሚሰጠው የአቅሙን ግማሽ ብቻ ነው።

ዳገት ላይ የሳቢው (የጎታቹ መኪና) ጎማ ይሽከረከራል፤ ወይም ሚዛን ላይ አንዱ አክስል ብቻ ከልክ ያልፋል

ሁለቱም የአንድ ስህተት ሁለት ገጽታዎች ናቸው፤ ማሽኑ በተሳቢው ላይ ያለቦታው ተቀምጧል። ወደ ኋላ ከበዛ ሳቢው ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንስና የሚነዱት ጎማዎች መሬት መቆንጠጥ ያቅታቸዋል። ወደ ፊት ከበዛ የሳቢው አክስል ከልክ ያልፋል። ብዙዎችን የሚያሳስተው የማሽኑን መሃል በዓይን መገመት ነው፤ ኤክስካቫተር ከኋላው ከባድ ሚዛን መጠበቂያ ስላለው የክብደት ማዕከሉ ከቅርጹ መሃል ላይ አይደለም።

ለማስተካከል የሚያስፈልገው ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። ከመገጣጠሚያው ፒን እስከ ተሳቢው አክስሎች መሃል ያለው ርቀት 10 ሜትር ቢሆንና 30 ቶን ማሽን በግማሽ ሜትር ወደ ፊት ቢገፋ 1.5 ቶን ከኋላ አክስሎች ተነስቶ ወደ ሳቢው ይሄዳል። ስለዚህ በጠቅላላ ክብደት ብቻ አይርኩ፤ እያንዳንዱን የአክስል ክፍል ለየብቻ ያስመዝኑ። ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ ወለሉ ላይ በቀለም ምልክት ቢደረግ ያው ማሽን በሚቀጥለው ጊዜ በአንድ ሙከራ ይጫናል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይሸታል፤ ፔዳሉ ተረግጦ መኪናው አይቀንስም

ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) ሲግል ይሰፋና ተጭኖ ከሚይዘው የፍሬን ሸራ ይርቃል። ሸራውም ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ሽታው እንደተሰማ መቆም ከተቻለ ያኔውኑ ይቁሙ፤ በጋለው ታምቡር ላይ ግን ውሃ አይድፉ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከቆሙ በኋላ ምርመራው የሚጀምረው ከቀዝቃዛው ጎማ ነው። ከርቀት በሚለካ ቴርሞሜትር ሁሉንም ታምቡሮች ይለኩ። ሁሉም እኩል ከጋሉ ጥፋቱ አነዳዱ ነው፦ ማርሹ ቁልቁለቱ ሳይጀምር አልተቀነሰም፣ የሞተር ፍሬኑ በጊዜ አልተያዘም፣ ወይም ፔዳሉ ሳይለቀቅ በስሱ ተረግጦ ቆይቷል። ፍጥነቱን በአንድ ጠንካራ ርግጫ 8 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል ቀንሶ መልቀቅ፣ ሲጨምር መድገም ይሻላል። ከመካከላቸው የቀዘቀዘ ካለ ግን ያ ፍሬን አልሠራም፤ ሌሎቹ የጋሉት የእሱን ሥራ ደርበው ስለሠሩ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ተሳቢ የጋለው ፍሬን ላይ ብቻ ሸራ ቀይሮ ወደ መንገድ መመለስ ጥፋቱን እዚያው ትቶ መሄድ ነው። ራሱን የሚያስተካክል ማስተካከያ ያለው ፍሬን በየጊዜው በእጅ ማጥበቅ ካስፈለገውም ማስተካከያው ወይም ሌላ የፍሬኑ ክፍል ተበላሽቷልና ይቀየር።

ተለክቶ የወጣ ጭነት ድልድይ ሥር ይነካል፣ ወይም የሎቤዱ ሆድ መንገድ ላይ ይቀመጣል

ከፍታው የተለካው ተሳቢው ከሳቢው ጋር ሳይገናኝ ወይም ወጣ ገባ መሬት ላይ ከሆነ ቁጥሩ አይታመንም። ድልድዩ ላይ የተጻፈውም ቁጥር ከሥሩ አስፋልት ከተደረበ ያረጃል። ረጅም ተሳቢ የድልድዩ ሥር ጎድጎድ ያለ መንገድ ሲሆን የፊትና የኋላ ጎማዎቹ በሁለቱ ተዳፋት ላይ ይቆሙና መሃሉ ከፍ ይላል፤ ይህ ከቁጥር ውጭ የሚቀር ከፍታ ነው። መሬቱ ጉብታ ሲሆን፣ ለምሳሌ የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ላይ፣ ተቃራኒው ይሆንና ሆዱ ይቀመጣል። መፍትሄው ከጭነቱ በጥቂቱ የሚረዝም ዘንግ የተከለ አጃቢ መኪና ከፊት መላክ ነው። ዘንጉ ከነካ ሎቤዱ ከመድረሱ በፊት ለመቆም ርቀት ይኖራል።

ማሽኑ ደርሶ ሲነሳ ተርቦው ይጮኻል፣ ጭስ ይተፋል

በጉዞ ላይ በጭስ መውጫው የገባው ነፋስ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የተርቦውን (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋውን ክፍል) ክንፎች ሲያሽከረክር ይቆያል፤ ሞተሩ ስላልተነሳ ዘይት አይደርሰውም፣ ኩሽኔታውም ይበላል። የጭስ መውጫው ሲጫን በላስቲክ ወይም በክዳን ይሸፈን፤ ሲራገፍም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ይነሳ።

ሰንሰለቱ ሲፈታ የማጥበቂያው እጀታ ተወርውሮ ይመጣል

ይህን የሚያደርገው በሰንሰለቱ ውስጥ የታመቀው ኃይል ነው። በተለይ ማሽኑ በጉዞው ተንሸራቶ አንዱ ሰንሰለት ላይ ከተደገፈ ያ ሰንሰለት ከታሰረበት ጊዜ በብዙ እጥፍ ይጨነቃል። ስለዚህ ሲደርሱም ያንን የጠመኔ መስመር ያንብቡ፤ ማሽኑ የሄደበትን አቅጣጫ ይነግርዎታል። ማሽኑ በተደገፈበት በኩል ያለውን ሰንሰለት መጀመሪያ አይፍቱ። አንድ ብቁ ኦፕሬተር ማሽኑን በሞተር ኃይል ወደነበረበት ይመልሰው፣ ሰንሰለቱም ሲላላ ይፈታ። ማጥበቂያው በአንድ ምት የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ከእጀታው መንገድ ውጭ ቆመው፣ በተዘረጋ መዳፍ ገፍተው ይክፈቱት፤ በላዩ ላይ ቱቦ ሰክቶ ማስረዘም አይገባም። ቀስ እያለ በጥርስ የሚላላው ዓይነት ይህ አደጋ በእጅጉ የቀነሰለት ስለሆነ ለአዲስ ግዢ እሱን እመርጣለሁ።