የ2005ን የኳስ ዘመን ሳይዛነፍ መመዝገብ

ያለፈ የውድድር ዘመንን ለመመዝገብ ለተነሳ ሰው ውጤት መሰብሰቡ ቀላሉ ሥራ ነው። የሚያደክመው ሁለት ምንጮች ሲለያዩ ለምን እንደተለያዩ ማወቁ ነው። 2005 ዓ.ም ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ይሆናል። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱት፣ ደደቢት ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው፣ በአንድ ተጫዋች ቢጫ ካርድ ሳቢያ ከብሔራዊ ቡድኑ ሦስት ነጥብ የተወሰደው ሁሉም በዚህ ዓመት ነው። መዝገብ የሚያበላሽ ነገር በሙሉ እዚህ ተጠራቅሟል ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ወሰኑን አስቀምጡ። ሊጉን በኢትዮጵያ ዓመት መቁረጥ አያስቸግርም፤ ዓለም አቀፉ ጨዋታ ግን መስከረም 1ን አይጠብቅም። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሱዳን ኢትዮጵያን ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ያሸነፈችው ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፋ የወደቀችው ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ነው። መስከረም ላይ ከቆረጣችሁ 5 ለ 5 የሆነው ድምር ውጤት ለሁለት ይከፈላል፣ ኢትዮጵያ ከሜዳዋ ውጪ ባገባቻቸው ሦስት ጎሎች ማለፏም አይታይም። ስለዚህ የደርሶ መልስ ጨዋታ በተጠናቀቀበት ዓመት ይመዝገብ፤ ምድብ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጨዋታ በየትኛውም ዓመት ቢሆን ሙሉው አንድ ገጽ ላይ ይዋል።

ቀጥሎ ቀን። ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ፤ እየመነዘራችሁ የምታመሳክሩት በሁለቱም ስለሆነ። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ግን 12 ላይ። 2004 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር፣ 2005 እና 2006 ግን አይደሉም። የአንድ ቀኗ ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ትዘልቃለች። ኢትዮጵያ ሶማሊያን 5 ለ 0 ያሸነፈችው ኖቬምበር 16 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን በእኛ ኅዳር 6 ቀን 2004 ይሆናል። ካላባር ላይ በናይጄሪያ 2 ለ 0 የተሸነፈችውም ኖቬምበር 16 ነው፣ ግን የ2013 እ.ኤ.አ.፤ ይሄኛው ኅዳር 7 ቀን 2006 ነው። አንድ ሠንጠረዥ አውጥቶ ለሁሉም ዓመት የሚጠቀም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «2005» ብቻ ብሎ ማለፍም አደጋ አለው፤ የውጭ አንባቢ የ2005 እ.ኤ.አ. ይመስለዋል።

የመዝገቡ ዓምዶች እነዚህ ይሁኑ፦ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ውድድርና ዙር (ለሊግ ሳምንቱ)፣ ባለሜዳ፣ እንግዳ፣ የተካሄደበት ቦታ፣ ሜዳ ላይ የተገኘ ውጤት፣ የጸደቀ ውጤት፣ ጎል አግቢዎች ከነደቂቃቸው፣ ካርዶች፣ ማስታወሻ። ባለሜዳና ቦታ የተለያዩት በምክንያት ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2005 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ባለሜዳዋ መካከለኛው አፍሪካ ነበረች፤ ጨዋታው የተካሄደው ግን ብራዛቪል ነው። ሶማሊያም በባለሜዳነት የተጫወተችው ጅቡቲ ላይ ነው።

የዚህ ዘመን ዋናው ወጥመድ ሁለቱ የውጤት ዓምዶች ናቸው። ሰኔ 1 ቀን 2005 በዚያው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሎባትሴ ላይ ኢትዮጵያ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸነፈች። ቅጣት የነበረበት ምንያህል ተሾመ ስለተሰለፈ ግን ፊፋ ጨዋታውን ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ፣ ፌዴሬሽኑንም 6,000 የስዊስ ፍራንክ ቀጣ። ሁለቱም ውጤት መጻፍ አለበት። 2 ለ 1ን ብቻ የጻፈ የደረጃ ሠንጠረዡ አይገጥምለትም፤ 3 ለ 0ን ብቻ የጻፈ ደግሞ ያልተደረገ ጨዋታ መዝግቧል።

አሁን ስህተቱ እንዴት ተደብቆ እንደሚያልፍ እዩ። የዚህን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድብ ስትዘጉ የሚደረጉ ሁለት የታወቁ መፈተሻዎች አሉ። አንደኛው፣ ቡድኖቹ ያገቧቸው ጎሎች ድምር ከተቆጠሩባቸው ጎሎች ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ እዚህ 33 ለ 33 ነው። ሁለተኛው፣ የነጥቦች ድምር፤ ከ12 ጨዋታ 2ቱ በአቻ ስላለቁ 10 ሲባዛ በ3፣ ሲደመር 4፣ በጠቅላላው 34። ኢትዮጵያ 13፣ ደቡብ አፍሪካ 11፣ ቦትስዋና 7፣ መካከለኛው አፍሪካ 3 ሲደመሩ 34 ይመጣሉ። ጥሩ። ነገር ግን የሎባትሴውን 2 ለ 1 ሳትቀይሩ ብትደምሩም ያው 34 ነው፤ የአንዱ ድል ለሌላው ተላለፈ እንጂ ነጥቡ አልጠፋም። ጎሉም አይለወጥም፤ 2 ለ 1ም 3 ለ 0ም ሦስት ሦስት ጎል ነው። መፈተሻዎቹ ሁለቱም «ትክክል ነው» ይሏችኋል። ይህን የሚይዘው የውሳኔውን ጽሑፍ ማንበብ ብቻ ነው፤ ድምር ገጠመ ብሎ መዝገብ የሚዘጋ ሰው እንዲህ ባለው ዓመት ይሸወዳል።

ሌላም አለ። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ካሸነፉ በኋላ ዋልያዎቹ 13 ነጥብ ነበራቸው። ቅጣቱ ሲመጣ 10 ሆነ፤ ከብራዛቪሉ ድል በኋላ እንደገና 13። ስለዚህ የሰኔ ጋዜጣና የጳጉሜን ጋዜጣ አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳዩአችኋል። የሚለያቸው የተጫወቱት ብዛት ነው፦ የመጀመሪያው በ5 ጨዋታ፣ የኋለኛው በ6። ነጥብ ስትገለብጡ የጨዋታ ብዛቱን አብራችሁ ጻፉ።

የካርድ መዝገብ ለብቻው ይያዝ፤ በዓመት ሳይሆን በውድድር ተከፍሎ። ምንያህል የመጀመሪያውን ቢጫ ያየው ሩስተንበርግ ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ግንቦት 26 ቀን 2004 ሲሆን፣ ሁለተኛውን አዲስ አበባ ላይ ከቦትስዋና ጋር መጋቢት 15 ቀን 2005 ነው። በመካከሉ አዲስ ዓመት ገብቷል፣ የአፍሪካ ዋንጫም ተደርጓል። መስከረም ላይ ከዜሮ የሚጀምር መዝገብ የመጀመሪያዋን ቢጫ ይጥላታል፤ ሁሉንም ውድድር የሚደባልቅ ደግሞ የሌለ ቅጣት ይፈጥራል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ መስመር፣ ለእያንዳንዱ ውድድር አንድ ዓምድ፣ ሁለተኛው ቢጫ ሲገባ ተጫዋቹ የሚቀጣበትን ቀጣዩን ጨዋታ በቀይ መክበብ፤ ይኸው ነው።

በአፍሪካ ዋንጫው ሦስት ጨዋታ ብቻ ስለነበር መዝገቡ አጭር ነው፦ ከዛምቢያ 1 ለ 1 (ጥር 13)፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 (ጥር 17)፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 (ጥር 21)። ማስታወሻ የሚፈልጉት ግብ ጠባቂዎቹ ናቸው። ጀማል ጣሰው ከዛምቢያ ጋር በቀይ ወጣ። ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ ሲሳይ ባንጫ ሲወጣ ቅያሪው አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ በር ላይ ቆመ። ይህ ካልተጻፈ የአዲስ ሕንጻ ስም ከግብ ጠባቂዎች ዝርዝር ውስጥ የተገኘበትን ምክንያት ማንም አይረዳም።

የጎል አግቢዎች ዓምድ ላይ በራስ መረብ ላይ የተቆጠረ ጎል የራሱ ምልክት ይኑረው። በሰኔ 9ኙ ጨዋታ በርናርድ ፓርከር መጀመሪያ ለደቡብ አፍሪካ አገባ፣ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፣ ከዚያ ፓርከር ራሱ ላይ አስቆጠረ። ያለ ምልክት ከተጻፈ ፓርከር ሁለት ጎል ያገባ ይመስላል። ስምም እንዲሁ ነው፤ የውጭ ምንጮች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዙታል፣ አንዳንዴ አያትን ይጨምራሉ። በፊፋ መግለጫ ላይ የሰፈረው «ምንያህል ተሾመ በየነ» ያው ምንያህል ተሾመ ነው። ተጫዋቹን በራሱና በአባቱ ስም መዝግባችሁ ሌላውን አጻጻፍ በማስታወሻ ያዙ።

ለሊጉ የመጀመሪያው ሥራ ስንት ጨዋታ መገኘት እንዳለበት ማስላት ነው፦ የክለቦች ብዛት ሲባዛ ከዚያ በአንድ ባነሰ ቁጥር። 14 ክለብ ከሆነ 182፣ 16 ከሆነ 240። ጉድለት ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ የጠፋው ተስተካካይ ጨዋታ ነው፤ ብሔራዊ ቡድኑ ወይም አፍሪካ ላይ ያለ ክለብ ሲጫወት የተዘለለው የሊግ ጨዋታ ከሳምንታት በኋላ ይመጣና ጋዜጣ ጥግ ላይ በአንድ መስመር ያልፋል። ሳምንቱን እንደ ፕሮግራሙ፣ ቀኑን እንደተደረገበት ጻፉ። ክለቦችን በጊዜው ስማቸው ጥሩ፤ የዛሬው መቻል ያኔ መከላከያ ነው።

የአፍሪካ ክለቦች ውድድር ያኔ የሚሄደው በፈረንጅ ዓመት ነበር። የ2004 ሻምፒዮኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2013 እ.ኤ.አ. ከሻምፒዮንስ ሊጉ በዛማሌክ ተሰናብቶ ወደ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሸጋገረ፣ ከስፋክሲያን፣ ከኤትዋል ዱ ሳህልና ከስታድ ማሊያን ጋር ተመደበ። የምድቡ ጨዋታዎች ክረምቱን አልፈው መስከረም 2006 ቢገቡም፣ ለምድብ በተቀመጠው ደንብ መሠረት ሳይከፈሉ ሁሉም በ2005 ገጽ ላይ ይቆያሉ። ደደቢት በ2005 ዋንጫው ያገኘው የሻምፒዮንስ ሊግ ተሳትፎ ግን የ2006 ነው፤ እዚህ «በ2006 ገጽ ይታይ» የሚል አንድ መስመር ይበቃዋል።