አሮጌ ሰንጢ ስትገዙ ማኅተሙን ፈልጉ

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ከአሮጌ ዕቃዎች መካከል ታጣፊ ሰንጢ ካጋጠማችሁ፣ እጀታው ሳይማርካችሁ በፊት ስለቱን ከፍታችሁ ሥሩን ተመልከቱ። ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚፈልጉት የአምራቹን ማኅተም ነው፤ ዕድሜውንም በአብዛኛው የሚገምቱት ከእርሱ ነው። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ሰንጢ ለምሳሌ ስለቱ ላይ ዘውድ የደፋች እጅ አለችው። ስለቱን የሚቆልፈው ተሽከርካሪ ቀለበት የመጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ስለሆነ፣ ቀለበት የሌለው ትልቅ ኦፒኔል ካገኛችሁ ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላልና ደጋግማችሁ እዩት፤ ትንንሾቹ ግን ዛሬም ቀለበት የላቸውም።

ከዚያ ክፈቱና ዝጉት። ባለ ምላስ ብረት ሰንጢ፣ ማለትም ስለቱን ተጭኖ የሚይዝ ብረት ያለው፣ ጠቅ ብሎ መከፈት አለበት፤ ወደ ጎንም መወላገድ የለበትም። በሞረድ ብዛት የሳሳ ስለት ዋጋው ይወርዳል። የቀንድ እጀታ ተወዳጅ ነው፤ በድሬ ሙቀትና ድርቀት ግን ይሰነጠቃልና ዘይት ቀቡት፣ ፀሐይ ላይም አትተዉት።

እባካችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት! ካርቦን ያለው ብረት በዕድሜ የሚያወጣው ግራጫ መልክ ዝገት አይደለም፤ ሰብሳቢው ለእርሱም ጭምር ይከፍላል። ቀዩን ዝገት ብቻ ዘይት በነካ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ አንሱት።