የውሻ ገንፎ እንዴት ይሠራል? ጣጣው ያለው እህሉ ላይ አይደለም

«ውሻ ሥጋ በል ነው፣ እህል አይስማማውም» የሚል ወሬ በስልክ ቪዲዮ ባሕር ዳርም ገብቷል። እዚህ ደግሞ አብዛኛው የግቢ ውሻ ያደገው በእንጀራ ነው። እንጀራው አልገደለውም። ውሻ ከተኩላ የሚለየው በዚህም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው፣ ስታርች የሚባለውን የእህል ዱቄታማ ክፍል የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያዘው ጂን ተኩላ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 2 ቅጂ ነው፤ ውሻ ላይ ከ4 እስከ 30 ይደርሳል። ስለዚህ እህል ይሰጠዋል። ብቻውን ግን አይበቃውም፤ ቀጥሎ እንደምናየው ደግሞ አንዳንዱ እህል መርዝ ይዞ ይመጣል።

መጀመሪያ እህሉን ምረጡ። ከወረታ በኩል የሚመጣው የፎገራ ሩዝ ስብርባሪው ርካሽ ነው፤ ለሆድም ቀላል ነው። በቆሎም ጥሩ ነው። ከዱቄቱ ይልቅ ሽርክቱን እመርጣለሁ፤ ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ድስቱም ይያዛል። ዳጉሳም ይሆናል። ያልተጋገረ ሊጥ ግን አይሆንም። ሆዱ ውስጥ መቡካቱን ይቀጥላል፣ ያሳብጠዋል፣ አልኮልም ያመነጫል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ለቀማው። እኛ ሰፈር በቆሎ ሲለቀም ጥሩው ለሰው፣ ግርዱ ለውሻ ነው። የነቀዘው፣ የጠቆረው፣ አረንጓዴ ሻጋታ ያበቀለው ሁሉ «ለውሻው ይሁን» ተብሎ ይቀመጣል። ልክ የተገላቢጦሽ ነው። በቆሎ ላይ የሚበቅለው አንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል፤ ውሻ ደግሞ ለዚህ መርዝ እጅግ ስስ ነው። ጉበቱን ነው የሚመታው። መቀቀል አያጠፋውም። ማጠብም አያድንም። መርዙ በብዛት የሚገኘው በተሰባበረው የበቆሎ ፍሬና በብናኙ ውስጥ ነው፤ ማለትም ለውሻው ብለን በለየነው ውስጥ። ውሻው ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ድዱ ወይም የዓይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነ የቤት መድኃኒት አትሞክሩ፣ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ስለዚህ ለውሻው የሚበስለው ለሰው ከሚበስለው ማዳበሪያ ይቀዳ። በቆሎው በደንብ መድረቁን ለማወቅ ርካሽ ዘዴ አለ። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውሰዱ፣ ሲሶውን ፍሬ ሙሉ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ። ክደኑና ለአንድ ደቂቃ ናጡት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፣ ይሻግታል። ካልተለጠፈ ለማስቀመጥ ደርሷል። ማዳበሪያውን ሲሚንቶ ላይ አትጣሉት፤ እንጨት ላይ ይቀመጥ።

አበሳሰሉ ቀላል ነው። አንድ ጣሳ ሽርክት ለአራት ጣሳ ውሃ፣ በጣቶች መካከል እስኪፈርስ ድረስ። ያልበሰለ ስታርች ሳይፈጭ ነው የሚወጣው። ጨው አያስፈልግም።

ሽንኩርት ደግሞ ፈጽሞ አይግባ። የተረፈ ወጥ የማልሰጠው ለዚህ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆኑ የበሰሉ ወይም የተፈጩ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይህም ከቀናት በኋላ ሊታይ ይችላል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የተነጠረው ቅቤ ሳይቀር ሽንኩርት ያገኘው ነው። ወጥ የነካውን እንጀራ አጥቦ መስጠትም ዋጋ የለውም፤ መረቁን ጠጥቶታል። ደረቅ እንጀራ ከሆነ ግን ይብላ።

ከእህሉ ጋር ሥጋ ነገር ይግባ። እኔ እኩል በእኩል አደርገዋለሁ፤ ለቡችላ ከሥጋው አበዛለሁ። ሳንባና ጉበት ከልኳንዳ ስታመጡ በደንብ ቀቅሉ። ጥሬው ላይ የውሃ ከረጢት የሚመስል ነገር ካያችሁ የትል እጭ ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆንና በዓይነ ምድሩ አድርጎ ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል። ጣና ዳር ዓሣ የሚበልቱት ሰዎች ጭንቅላቱንና አጽሙን በርካሽ ይሸጣሉ። ቀቅሉት፣ መረቁን ለሽርክቱ ማብሰያ አድርጉት፣ ሥጋውን በእጅ ልቀሙ፣ አጥንቱን ጣሉ። በተለይ የአምባዛ እሾህ ጉሮሮ ይወጋል። ጥሬ ዓሣ አትስጡ፤ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ኢንዛይም ያላቸው ዝርያዎች አሉ፣ እሱን እሳት ያጠፋዋል።

ሑዳዴ ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። ልኳንዳ ይዘጋል፣ ቤቱ ሽሮ ላይ ይወድቃል፣ ውሻውም ሳያምን 55 ቀን አብሮ ይጾማል። እንቁላል ቀቅሉለት። እናቶች በጾም ድስት እንቁላል አይነካም ስለሚሉ (ልክ ናቸው) የራሱ ድስት ይኑረው። ቅርፊቱንም አትጣሉት፤ አድርቃችሁ እንደ ዱቄት አልሙት። አንድ የሻይ ማንኪያው 2 ግራም ገደማ ካልሲየም አለው፤ በሥጋና በእህል የሚጎድለው እሱ ነው። ለመካከለኛ አዋቂ ውሻ በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ለቡችላ ሐኪም ይወስን።

የሚያሳክከው ውሻ ካላችሁ እህሉን ከመክሰሳችሁ በፊት ቁንጫ ፈልጉ። በምግብ አለርጂ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከስንዴ በላይ በብዛት የተገኘው የበሬ ሥጋ ነው። «እህል አልባ» ተብሎ በውድ ስለሚሸጠው የታሸገ ምግብም አትጨነቁ። እህሉን ያወጡት ብዙዎቹ በምትኩ አተርና ምስር ነው የሞሉት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ከልብ ሕመም ጋር ይያያዝ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2018 ምርመራ ከፍቶ ነበር። ግንኙነቱ አልተረጋገጠም፤ ግን ተጨማሪ ብር የሚያስወጣ ምክንያት አልታየኝም።

አዲሱን ገንፎ ከለመደው ምግብ ጋር እየቀላቀላችሁ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀይሩት። በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ የተረፈውን እስከ ማታ ውጭ አታቆዩት፤ ፍሪጅ ከሌላችሁ የአንድ ጊዜውን ብቻ አብስሉ።