ለባዕድ ፍጡር ስም ስታወጡ ጭረቷን ተዋት

በአማርኛ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ለሌላ ዓለም ፍጡር ስም ሊያወጣ ሲል እጁ ቶሎ የሚሄደው አፖስትሮፍ ወደምትባለው ጭረት ነው፦ «ማር'ኤክ»፣ «ካ'አን»። በላቲን ፊደል ጭረቷ ሥራ አላት። በኦሮምኛ ቁቤ «ቡኣ» ሲጻፍ መሀል ገብታ ድምፁ ጉሮሮ ላይ መቆረጡን ታሳያለች። የሃዋዪ ቋንቋም ለዚሁ ድምፅ ኦኪና የሚባል ምልክት አለው።

ፊደላችን ግን ይህን ሥራ ለ«አ» ሰጥቶታል። «ማሬክ» ብላችሁ ጻፉ፣ ከሥሩ «ማርኤክ» ጨምሩና ሁለቱንም ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በፊተኛው «ር» እና «ኤ» ተዋህደው «ሬ» ሆነዋል። በኋለኛው ትንፋሹ «ር» ላይ ቆሞ «ኤ» እንደገና ይነሳል። የፈለጋችሁት ያንን መቆም ነው፣ አገኛችሁት። ጭረት ከጨመራችሁበት አንባቢው ጥቅስ ተከፍቶ ሳይዘጋ የቀረ ይመስለዋል። ደግሞም በስልክና በኮምፒውተር ቀጥ ያለችው ጭረትና ጎበጥ ያለችው የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ፣ በኋላ ስሙን ልቀይር ብላችሁ ስትፈልጉ ግማሹ ሳይገኝ ይቀራል። ከመቆሙ በኋላ ግን «እ» አታስገቡ፤ ትዋጣለች። «ትእዛዝ»ን «ትዛዝ» ብሎ የሚያነበው ብዙ ነው። ኡ፣ ኢ፣ አ፣ ኤ፣ ኦ ይሻላሉ።

በላቲን የሚጽፉ የቋንቋ አጥኚዎች ጠን፣ ቀን፣ ጨን የመሳሰሉትን ፈንጂ ድምፆች ለማሳየትም ጭረት ይጠቀማሉ። እንዲህ ያለ ስም ወደ አማርኛ ስታመጡ «ት'ኦሬክ» ሳይሆን «ጦሬክ» በሉት። ጰም አለ፣ ግን ጳጳስና ጴጥሮስን ስለሚያስታውስ ባዕዱ ፍጡር ካባ የለበሰ ይመስላል።

ጭረቷን ስሙን ለሁለት ለመክፈል ብቻ ከፈለጋችኋት ክፍት ቦታ ይበቃል። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲና ይደርሳል። «ደብረ» ሁለቴ ስለመጣ፣ ግእዝ የማያውቅ እንግዳ እንኳ ቃሉ የቦታ ስም መነሻ መሆኑን ይጠረጥራል። እናንተም «ኦዝ ማሬክ»፣ «ኦዝ ጢራ» እያላችሁ አንዱን ቁራጭ ሦስት አራት ቦታ ደጋግሙት፤ ማብራሪያ ሳትጽፉ አንባቢው ቋንቋውን መማር ይጀምራል።

ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው፤ ስሙ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ። በ«የ»፣ በ«ለ»፣ በ«ከ»፣ በ«በ» የሚጀምር ስም ወጥመድ ነው። «ከራም መጣ» ስትሉ መጪው ከራም ይሁን ራም ከምትባል አገር የመጣ ሌላ ሰው አይለይም። በ«ን» የሚያልቅ ስም ደግሞ «ካአንን» እያለ ምላስ ያስራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ስም ከማጽደቃችሁ በፊት አንዴ በ«የ»፣ አንዴ በ«ን»፣ አንዴ በ«እና» አስገብታችሁ ጻፉት። ሳድስም አታከማቹ፤ «ድርግትም»ን አምስት ሰው አምስት ዓይነት ያነበዋል። መጥበቅና መላላትን ፊደሉ አያሳይም፦ «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም። ስለዚህ በሁለቱም ንባብ የማያሳፍር ስም ምረጡ።

በመጨረሻ ስሞቹን ጮክ ብላችሁ ለሌላ ሰው አንብቡ፣ ቢቻል አንዱ ከመንዝ፣ አንዱ ከይፋት፣ አንዱ ከፍቼ ይሁን። ጉሮሮ ላይ የሚቆረጥ፣ አጭርና ግርማ ያለው ስም ነው ብላችሁ ንግሥቲቱን «ሬኤ» ካላችኋት፣ ፍቼ ያለው ኦሮምኛ ተናጋሪ አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ዙፋን ላይ የሚያየው ፍየል ነው።