ሲስተም ሲጠፋ ወረቀቱ የት ነው?

ሆስፒታል የምትሠሩ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። «ሲስተም የለም» የሚባልበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። መብራት ወይም ኔትወርክ ሊሆን ይችላል፣ ሲብስም እንደ አየርላንድ ነው፦ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ በሳይበር ጥቃት ኮምፒውተሮቹን ዘግቶ ሐኪሞቹ ወደ እስክሪብቶና ወረቀት ተመለሱ፣ ሁሉም እስኪስተካከልም ወራት ፈጀ።

ስለዚህ በየዋርዱ አንድ ሳጥን ይቀመጥ። የትእዛዝ ወረቀት፣ የመድኃኒት መስጫ ቅጽ፣ የላብራቶሪና የራጅ መጠየቂያ። ለአዲስ ታካሚ የሚሰጥ ጊዜያዊ የካርድ ቁጥርም አስቀድሞ ይለይ፣ አለበለዚያ የሁለት ሰው ደም ውጤት ሲቀያየር ታያላችሁ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ስም እስከ አያት ይጻፍ።

ዋናው ጣጣ መድኃኒቱ ላይ ነው። ማን ምን እንደሚወስድ፣ መቼ እንደተሰጠው፣ ምን እንደማይስማማው የሚያሳይ ዝርዝር ተረኛ በተቀየረ ቁጥር ፕሪንት ይደረግ። ከጠፋ በኋላማ ከየት ይታተማል? ሰዓት ስትጽፉ ደግሞ በሀበሻ ይሁን በፈረንጅ አንዱን ወስኑ። ኮምፒውተሩ 8:00 የሚለውን ነርሷ 2:00 ብላ ከጻፈችው፣ ኋላ የሚገለብጠው ሰው ሌሊት የተሰጠ መስሎት ቁጭ ይላል።

አስጊ የላብራቶሪ ውጤት በስልክ ከተነገረ ተቀባዩ ጽፎ መልሶ ያንብብ።

ሲስተሙ ሲመለስ ወረቀቱን እንዳትጥሉ። ማን እንደሚያስገባው ቀድሞ ይታወቅ፣ ቢያንስ መድኃኒቱና አለርጂው በዚያው ቀን ይግባ።