«ይተዉት፣ እኔ ላድርገው» እና ሌሎች የሆም ሄልዝ ኤይድ ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያለን ሐበሾች ብዙዎቻችን ሆም ሄልዝ ኤይድነትን፣ ማለትም ታካሚን በቤቱ የመንከባከብ ሥራን፣ እናውቀዋለን። ራሳችን ባንሠራ እህታችን ወይም ጎረቤታችን ትሠራለች። የሜዲኬር (በዋናነት የአዛውንቶች የመንግሥት የጤና መድን) ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ሆም ሄልዝ ኤይድ ለመሆን የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። እኔም ጨርሼ ነው የገባሁት። ስህተቶቼ ግን ከሥልጠና ማነስ ሳይሆን አብዛኞቹ ከአስተዳደጌ የመጡ ናቸው።

ትልቁ ስህተት ሁሉንም ነገር ራስ መሥራት ነው። ትልቅ ሰው ሲታገል ቆሞ ማየት እኛ ዘንድ ነውር ነው። የመጀመሪያዋ ታካሚዬ ስትሮክ የመታቸው ሴት ነበሩ። ቀኝ እጃቸው ደክሟል። ሸሚዛቸውን እቆልፋለሁ፣ ፀጉራቸውን አበጥራለሁ፣ ምሳ ሲደርስ አጎርሳለሁ። ደግ ሠራሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የምውለው። አንድ ቀን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጥታ «በዚህ ሳምንት በራሳቸው ምን ሠሩ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። የማይሠራ እጅ ይባስ ይደክማል። ከዚያ በኋላ አንድ ቁልፍ አምስት ደቂቃ ቢፈጅም እጄን ኪሴ ከትቼ መጠበቅ ጀመርኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ! ማገዝ የግድ ሲሆን፣ ስታለብሱ የደከመውን እጅ አስቀድሙ፤ ስታወልቁ ጤነኛውን።

ሁለተኛው ዝም ማለት ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት ታካሚ ሳጥብ ከወገባቸው በታች፣ አጥንቱ ላይ፣ ቀላ ያለች ምልክት አየሁ። ነርሷ ሰኞ ትመጣለች፣ ለዚህች ብዬ ሰው አላስቸግርም አልኩ። ሰኞ ቆዳው ተከፍቶ ጠበቀን። የአልጋ ቁስል እንዲህ ነው የሚጀምረው። በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ቅላቱ ነጣ ካላለ ያኔውኑ ለነርሷ ደውሉ። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም መልኩ የተለየ ቦታ ፈልጉ። የልብ ድካም ያለበት ሰው በአንድ ቀን ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ከጨመረ፣ «ምግብ ተስማማቸው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሰውነታቸው ውሃ እየያዘ ሊሆን ይችላል። ትናንት ደህና የነበሩ አዛውንት ዛሬ ድንገት ነገር ከተምታታባቸውም «እርጅና ነው» አይባልም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ደውሉ፣ ከዚያ መዝገቡ ላይ ጻፉት።

መድኃኒት ላይ ብዙ አልልም። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ መጠን መወሰን ግን የትም ቢሆን የእኛ ሥራ አይደለም። የታካሚዋ ልጅ «እንቅልፍ እንዲወስዳት ግማሽ ጨምሪላት» ቢል፣ «ነርሷን እናናግራት» በሉ።

ሰው ሲወድቅ «እመብርሃን!» ብሎ ብድግ ማድረግም አለ። ዳሌ ተሰብሮ ከሆነ ታብሱታላችሁ። የእናንተም ወገብ አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ የት እንዳመማቸው ጠይቁ። ጭንቅላታቸውን ከመቱ ወይም መንቀሳቀስ ካቃታቸው 911 (የድንገተኛ አደጋ ስልክ) መደወል ነው። ደግሞ ዊልቸር ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት ፍሬኑን ያዙ። ስንት ሰው በዚህች ብቻ ይወድቃል!

የመርሳት ሕመም ካለባቸው ጋር አትከራከሩ። «እናቴ የት ሄደች?» ሲሉ «ከሞቱ እኮ 40 ዓመታቸው» ማለት በየቀኑ አዲስ መርዶ ማርዳት ነው። እኔ «እስቲ ስለ እሳቸው ያጫውቱኝ» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ይረጋጋሉ። ባይረጋጉም ቢያንስ አያለቅሱም።

ሰዓት ላይ ቀልድ የለም። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የመንግሥት የጤና መድን) በሚከፍልበት ሥራ የገባችሁበትና የወጣችሁበት ሰዓት ከነቦታው ይመዘገባል። «ቀደም ብዬ ልውጣ፣ አንቺ ክሎክ አውት አድርጊልኝ» የምትል ጓደኛ አትጠፋም። እሱ ማጭበርበር ነው፤ በወንጀል ያስጠይቃል። ታካሚን ቀርፆ ቲክቶክ ላይ መልቀቅም ያው ነው፤ ሥራ ያሳጣል።

ስጦታ ደግሞ አለ። እኔ ያለሁበት ኤጀንሲ አጥብቆ ይከለክላል። አንድ የገና ሰሞን አንዲት ታካሚዬ ሹራብ ሰጡኝ፤ እምቢ ማለት ከብዶኝ በይሉኝታ ተቀበልኩ። ማታውን እንቅልፍ ቢነሳኝ ለሱፐርቫይዘሬ ነገርኳት፣ በነጋታው መለስኩት። ሴትዮዋ ሁለት ቀን አኮረፉኝ።